ዙባት ለምን ተጠላች?

ባለፈው ሰኔ አንድ ምሽት፣ ፈተና ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በመኝታ ክፍላችን መስኮት አንዲት የሌሊት ወፍ ገባች። ስምንት ሆነን የምንኖርበት ክፍል ነው፤ ስምንታችንም ከየአልጋችን ተነሣን። አንዱ ብርድ ልብሱን ተከናነበ፤ ሌላው «ጠጉር ውስጥ ትገባለች፣ ራሳችሁን ሸፍኑ!» እያለ ጮኸ፤ ሦስተኛው መጥረጊያ አነሣ። «ምንም አታይም እኮ፣ ዕውር ናት» ያለው ደግሞ የላይኛው አልጋ ባለቤት ሲሆን፣ ይህንን ሲናገር በእጁ በያዘው ስልክ አንድ የድሮ የጃፓን ጨዋታ ከፍቶ ነበር። የሌሊት ወፏ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችና ማንንም ሳትነካ፣ መጥረጊያውንም አልፋ፣ በገባችበት መስኮት ወጣች። ጓደኛዬ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ «አሁንም ዙባት!» ብሎ ሲራገም ሰማሁት።

የዛሬው ሐተታዬ ስለ ሁለተኛዋ፣ ማለት በስልኩ ውስጥ ስላለችው ነው። ዳሩ ግን ሁለቱ በአንድ ሌሊት በአንድ ክፍል ስለ ተሰደቡ የአንደኛዋ ነገር ሲነሣ የሌላዋም መነሣቱ አይቀርም። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ልጆች ጨዋታ ይጽፋልን?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ በየአልጋው ብርድ ልብስ ሥር የሚበራውን ነገር አይቶ ይፍረድ።

ጨዋታው ፖኬሞን ይባላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያሰበው ሰው ሳቶሺ ታጂሪ ልጅነቱን ያሳለፈው በቶኪዮ ዳር ባለችው በማቺዳ ሲሆን፣ በዚያን ዕድሜው ዋና ሥራው ጥንዚዛና ሌሎች ነፍሳት መሰብሰብ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሜዳውና ኩሬው በሕንፃ ሲሸፈን ነፍሳቱም ከሰፈሩ ጠፉ። ታጂሪ በ1983 ጌም ፍሪክ የምትባል መጽሔት በእጁ እየጻፈ፣ እያባዛና በሽቦ እያያዘ መሸጥ ጀመረ፤ የጨዋታውን ፍጡራን የሣለው ኬን ሱጊሞሪም ይህችን መጽሔት አንብቦ ነው ከእርሱ ጋር የተባበረው። በ1989 መጽሔቲቱ በዚያው ስም የጨዋታ ሠሪ ኩባንያ ሆነች። (በማባዣ ቀለም እጃቸው የሚጠቁር የመጽሔታችን አዘጋጆች ይህችን ልብ ይበሉልኝ።) ኩባንያው የሠራው የመጀመሪያው ፖኬሞን፣ ቀይና አረንጓዴ በተባሉ ሁለት ዓይነቶች፣ በፌብሩዋሪ 1996 በጃፓን ወጣ። በእጅ በሚያዘው በኒንቴንዶ ጌም ቦይ የሚጫወቱት ነበር። ወደ አሜሪካ በ1998 ሲሻገር ቀይና ሰማያዊ ተባለ።

የጨዋታው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። አንድ ልጅ ከመንደሩ አንድ ፍጡር ይዞ ይወጣል፤ በየመንገዱ የሚያገኛቸውን ሌሎች ፍጡራን እያዋጋ፣ እያጠመደና እያሳደገ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጨዋታ የፍጡራኑ ዓይነት 151 ነው፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። ዙባት 41ኛዋ ናት። ሰማያዊ አካል፣ ሐምራዊ ክንፍ፣ ትልልቅ ጆሮ፣ ሰፊ አፍና እንደ ክር የቀጠኑ ሁለት እግሮች አሏት። ዓይን የላትም። ወገኗ «መርዘኛ» እና «በራሪ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሌላው ሁሉ ቢረሳ፣ ይህንን ጨዋታ አንድ ጊዜ የተጫወተ ሰው ዙባትን አይረሳትም፤ የሚያስታውሳትም በፍቅር አይደለም።

ተጫዋቹ ፒውተር በተባለችው ከተማ የመጀመሪያውን ትልቅ ፍልሚያ ካሸነፈ በኋላ ወደ ሴሩሊያን ለመድረስ የጨረቃ ተራራ የሚባለውን ዋሻ ማቋረጥ አለበት። ሌላ መንገድ የለም። እንግዲህ ዙባት የምትጠብቀው እዚህ ነው። ጥቂት ይራመዳል፤ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይልና ዙባት ትቆማለች። ይሸሻል፤ ደግሞ ጥቂት ይራመዳል፤ ዙባት። ይዋጋል፤ ያሸንፋል፤ ወደ ደረጃው ሊደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው፣ ዙባት።

ተጫዋቾች ሁሉ ይህንን ሲያማርሩ «ዋሻው በዙባት ተጨናንቋል፣ እርምጃ በእርምጃ ነው» ይላሉ። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር፤ የጨዋታውን ውስጣዊ ሒሳብ ሳይ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያው አውሬ በሚገኝበት ቦታ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያወጣል። ለየቦታው የተወሰነ ልክ አለ፤ የወጣው ቁጥር ከዚያ ልክ ካነሰ አውሬ ይመጣል። ለጨረቃ ተራራ የተወሰነው ልክ 10 ነው። ስለዚህ በአንድ እርምጃ አውሬ የመምጣቱ ዕድል ከ256 አሥር፣ በአማካይ በ25 ወይም በ26 እርምጃ አንድ ጊዜ ነው። ጨዋታው በሚጀመርበት በመጀመሪያው መንገድ ላይ ባለው ሣር ውስጥ ግን ልኩ 25 ነው፤ ይኸውም በአሥር እርምጃ ገደማ አንድ ጊዜ ማለት ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ የሚወደደው አረንጓዴ መስክ፣ እርምጃ ለእርምጃ ሲቆጠር፣ ከተጠላው ዋሻ ሁለት ጊዜ ተኩል ይበልጥ ያስቸግራል!

ታዲያ ስለ ሣሩ የሚያማርር ለምን ጠፋ? በሜዳው ላይ አውሬ የሚወጣው ከረዥሙ ሣር ብቻ ስለ ሆነ ነው። ያልፈለገ ሰው ዙሮ በጠራው መሬት ያልፋል፤ ሣሩን የረገጠ ደግሞ ፈልጎ ነው የረገጠው። በዋሻው ግን ወለሉ ሁሉ እንደ ሣር ይቈጠራል። የሚረገጥ ደኅና መሬት የለም፤ መዞሪያ የለም። ቁጥሩ አነሰ፣ ምርጫው ግን ከነጭራሹ ጠፋ። ሰው በዝናብ ውስጥ ወዶ ሲሄድ የማይመረረውን ያህል፣ ከጣራ የምትንጠባጠብ አንዲት ጠብታ በትራሱ ላይ ስትወድቅ ይመረራል።

ሁለተኛው ምክንያት በሁለተኛው ዕጣ ውስጥ አለ። አውሬ እንዲመጣ ከተወሰነ በኋላ የትኛው እንደሚመጣ ሌላ ዕጣ ይወጣል። ለዚህም አሥር መደቦች አሉ፤ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከ256 እያንዳንዳቸው 51 ሲይዙ የመጨረሻው 3 ብቻ ይዟል። በቀይና በሰማያዊ ጨዋታ፣ በጨረቃ ተራራ የመጀመሪያ ወለል፣ ከአሥሩ መደብ ስድስቱ የዙባት ናቸው፤ ከስድስቱም ሦስቱ ትልልቆቹ ናቸው። ሲደመሩ ከ256 ዕጣ 202 ይደርሳሉ። ጂዮዱድ የተባለው ድንጋይ 38፣ ፓራስ የተባለው ነፍሳት 13፣ ሰው ሁሉ የሚመኛት ሮዝ መልኳ ክሌፌሪ 3 ይዘዋል። በሌላ አነጋገር፣ ከአምስት አውሬ አራቱ ያህል ዙባት ናቸው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ዙባት ብቻ የመምጣቷ ዕድል ደግሞ ከመቶ 30 ገደማ ነው። «አምስቴ መጣችብኝ» ብሎ የሚምል ጓደኛ ቢኖራችሁ ውሸታም አትበሉት።

እንግዲህ ዙባት የተጠላችው ስለ በዛች ብቻ አይደለም፤ መዞሪያ በሌለበት ቦታ ሁልጊዜ ያንኑ ፊት ይዛ ስለምትመጣ ነው። ፊት ማለት ካስፈለገ፤ ዓይን እንኳ የለውም።

መድኃኒት አይገኝም ወይ? ይገኛል። ሪፔል የተባለ ማባረሪያ በ350 የጨዋታው ገንዘብ ይሸጣል፤ እርሱን የተጠቀመ ሰው ለ100 እርምጃ ከመሪ ፍጡሩ በደረጃ የሚያንሱ አውሬዎች አይቀርቡትም። ግን የፒውተር ሱቅ ከተራራው በዚህኛው ወገን ሆኖ ሪፔል አይሸጥም። የሚሸጠው በሴሩሊያን፣ ተራራውን ከተሻገሩ በኋላ ነው! የጨዋታው ሠሪዎች ይህንን ያደረጉት በተንኮል ይሁን በቸልታ እነርሱ ያውቃሉ፤ ዋሻውን ላለፈ ሰው የዋሻውን መድኃኒት የሚሸጥለት ባለሱቅ ግን በሌላም ቦታ አጋጥሞኛል።

ወደ ፍልሚያው እንምጣ። ዙባት ደካማ ናት። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ፍጡር የተወሰነ የዓቅም ቁጥር ይሰጣል፤ የእርሷ ሕይወት 40፣ የመምቻ ኀይሏ 45፣ መከላከያዋ 35 ነው። የምትሻለው በፍጥነት ነው፤ 55 ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ከባድ ውጤት አለው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ሊሸሽ ሲል የእርሱ ፍጡር ከአውሬው ካልፈጠነ ማምለጡ እርግጠኛ አይደለም። ጨዋታው ሲጀመር ለምርጫ ከሚቀርቡት ሦስቱ መካከል ቡልባሶር 45፣ ስኵርትል 43፣ ቻርማንደር 65 ፍጥነት አላቸው። በእኩል ደረጃ ከሆኑ እንግዲህ ከሦስቱ ከዙባት የሚፈጥነው አንዱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። ቡልባሶርን የመረጠ ልጅ በፒውተር ይስቃል፤ የዚያ ከተማ ባለ ድንጋይ ተፋላሚ በሣር ወገን ምት ወዲያው ይወድቅለታል። ቻርማንደርን የመረጠው ግን በዚያው ቦታ ያለቅሳል። ወደ ዋሻው ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። የሣር ምት በመርዘኛም በበራሪም ላይ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሁለቱንም የሆነችው ዙባት የቡልባሶር ምት አንድ አራተኛው ብቻ ይደርሳታል። የዙባት የመጀመሪያ ምት ደግሞ ደም መምጠጥ ነው፤ ከተመታው ላይ ከወሰደችው ግማሹ ለራሷ ሕይወት ይጨመርላታል። ይህ ምት የነፍሳት ወገን ሲሆን፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ሕግ በሣርም በመርዘኛም ላይ በእጥፍ ይከብድ ነበር። ቡልባሶር ሁለቱንም ነው። ስለዚህ የእርሱ ምት በአራት ተከፍሎ ሲደርስ የእርሷ በአራት ተባዝቶ ይመለሳል። የምቱ ኀይል 20 ብቻ መሆኑ ነው ቡልባሶርን ያተረፈው። በ1999 በወጣው በሁለተኛው ትውልድ ጨዋታ ይህ ሕግ ተለወጠ፤ የነፍሳት ምት በመርዘኛ ላይ መክበዱ ቀርቶ ደከመ። ቢሆንም ቅሉ ከዚያ በፊት የተጫወቱት ልጆች ለምን እንደ ተሸነፉ የነገራቸው አልነበረም።

ደረጃ 10 ላይ የደረሰች ዙባት ሁለተኛ መሣሪያ ታገኛለች፤ ሱፐርሶኒክ ይባላል። ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ ታሰማና ተቃዋሚዋን ታደናግራለች። ከመቶ 55 ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ከሠራ ግን የተደናገረው ፍጡር ለጥቂት ዙር በየተራው ራሱን የመምታቱ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የተጫወተ ያውቀዋል፤ ዙባት ምንም ሳትሠራ የገዛ ፍጡርህ ራሱን መትቶ ይወድቃል። ከሁሉ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ደካማዋ አሸነፈችህ ማለት እንኳ አይቻልም። በ2016 በወጣው ጨዋታ ይህ ዕድል ከመቶ ወደ 33 ዝቅ ብሏል፤ የደም መምጠጧ ኀይል ግን በዚያው ዓመት ከ20 ወደ 80 ወጣ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሒሳቧ ነው። አሁን ወደ መልኳ፣ በዚያውም ወደ መኝታ ክፍላችን እንግዳ ልመለስ፤ ለምን ቢሉ ጓደኛዬ «ዕውር ናት» ያለው ከዙባት ተምሮ እንደ ሆነ እጠረጥራለሁ።

የጨዋታው መዝገብ ዙባት በጨለማ ስለምትኖር ዓይኖቿ እንደ ጠፉ፣ መንገዷንም በድምፅ እንደምትፈልግ ይናገራል። ግማሹ እውነት ነው። በጨለማ ብዛት ዓይናቸውን ያጡ ፍጡራን በእርግጥ አሉ፤ ነገር ግን የሌሊት ወፎች አይደሉም። የሜክሲኮ ዋሻ ዓሦች እንዲህ ናቸው፤ በጎረቤታችን በሶማልያም ከመሬት በታች ባለ ውኃ የሚኖር ዓይነ ስውር ዓሣ አለ። የሌሊት ወፎች ግን ከ1,400 በላይ ከሚሆኑት ዓይነቶቻቸው መካከል ዓይን የሌለው አንድም የለም። ፍሬ የሚበሉት ትልልቆቹማ ዓይናቸው የጎላ ነው፤ የሚመሩትም በማየት ነው። ስማቸውም ቢሆን በእኛ ቋንቋ ያሳስታል፤ ወፍ አይደሉም፤ ወልደው የሚያጠቡ እንስሳት ናቸው። ዙባትን «በራሪ» ብሎ ከወፎቹ ጋር የመደባት ጃፓናዊ በዚህ ረገድ ከእኛ አባቶች ጋር ይስማማል።

ድምፁ ግን የተገኘው በብዙ ድካም ነው። በ1793 ላዛሮ ስፓላንዛኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ ጉጉት በፍጹም ጨለማ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ የሌሊት ወፍ ግን ያለ ችግር እንደምትበር አየ። ዓይኖቻቸውን ያጠፋባቸው የሌሊት ወፎች ከመብረር አላቆሙም፤ ለቅቋቸው መልሶ ሲይዛቸውም ሆዳቸው እንደ ጤነኞቹ በነፍሳት የተሞላ ነበር። (ሙከራው ጭካኔ ነው፤ ዛሬ ማንም አይፈቅደውም።) በተከታዩ ዓመት የጄኔቫው ሉዊ ዡሪን ጆሯቸውን ሲደፍን ከሁሉ ነገር ጋር ተጋጩ። ይሁን እንጂ ድምፅ ሳያሰሙ በጆሮ እንዴት ሊያዩ ይችላሉ ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ ተሳቀባቸው። ሰው የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች የሚጮኹት ከዚያ በላይ፣ አንዳንዶቹም ከ100,000 በላይ ነው። ጩኸቱ ነበረ፤ የሚሰማው ጆሮ ነው የጠፋው። በ1938 በሃርቫርድ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ግሪፊን የሌሊት ወፎቹን ይህን ዓይነት ድምፅ ወደሚያነሣ መሣሪያ ሲያቀርባቸው ክፍሉ ለካ በጩኸት የተሞላ ኖሯል! ግሪፊን ከሮበርት ጋላምቦስ ጋር ሆኖ ነገሩን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1944ም በገደል ማሚቶ መንገድ መፈለግ የሚለውን ስም አወጣለት።

ስለዚህ ያቺ ሌሊት በክፍላችን የገባችው ፍጡር መጥረጊያውን በዓይኗም በጆሮዋም ታውቀው ነበር ማለት ነው። ጠጉር ውስጥ ትገባለች የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ በአየር ላይ ትንኝ የምትይዝ ፍጡር የሰው ራስ የሚያህል ነገር አትስትም። በእጅ አለመንካቱ ግን ተገቢ ነው፤ የሌሊት ወፍ ብትነክስ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስይዝ ትችላለችና። መስኮት ከፍቶ መብራት ማጥፋት ይበቃል።

በድምፅ ስለ ማደናገር ደግሞ ተፈጥሮ ከጨዋታው ይበልጥ ታስገርማለች። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ የምትገኝ አንዲት የእሳት ራት የሌሊት ወፍ ስትቃረብባት ራሷ በፍጥነት የሚደጋገም ድምፅ በማሰማት የአሳዳጇን ማሚቶ ታበላሻለች፤ የሌሊት ወፏም በአጠገቧ ስታ ታልፋለች። እንግዲህ ሱፐርሶኒክ የሚባለው ምት በእውነቱ ዓለም የታዳኟ ነው። ይህ ጸሐፊ የጨዋታው ሠሪ ቢሆን ኖሮ ዙባትን ራሷን የምታደናግር አንዲት የእሳት ራት በዋሻው ውስጥ ያስቀምጥ ነበር።

ስለ ደሙም ጥቂት ልበል። ከ1,400 ዓይነት ደም የሚመገቡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የሚኖሩት ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ነው። በአፍሪካም ሆነ በጃፓን አንድም የለም። ደግሞም አይመጥጡም፤ ቆዳን በጥርስ በጥቂቱ ቆርጠው በምላስ ይልሳሉ። ከሦስቱ የታወቀችው ከ40 ግራም እምብዛም አትበልጥም። ዙባት በመዝገቧ 7.5 ኪሎ ትመዝናለች፤ በዓለም ላይ ትልቁ የሌሊት ወፍ ግን 1.5 ኪሎ ገደማ ነው። ዙባት ደረጃ 22 ስትደርስ የምትለወጥላት ጎልባት 55 ኪሎ፣ ከግማሽ ኩንታል በላይ ናት፤ በምን ክንፍ እንደምትነሣ ለምህንድስና ክፍል ጓደኞቻችን ትቼዋለሁ።

ደም ስለሚመገቡት አንድ ሌላ ነገር ማወቅ ይገባል። እነዚህ ፍጡራን ሦስት ቀን ያህል ሳይበሉ ከቆዩ ይሞታሉ። በ1984 ጄራልድ ዊልኪንሰን በኮስታ ሪካ ያደረገውን ጥናት ሲያወጣ፣ ጠግባ የገባች የሌሊት ወፍ ባዶ ሆዷን ለተመለሰች ጎረቤቷ የበላችውን ደም ከአፏ አውጥታ እንደምታካፍላት ገለጸ። የምታካፍለውም ለዘመዷ ብቻ ሳይሆን አብራት ብዙ ጊዜ ለኖረችውም ነው። ከእኛ ክፍል ስምንት ሰዎች መካከል እንጀራውን እንዲህ የሚያካፍል ስንት እንደ ሆነ አልቆጥርም።

ይህንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ጨዋታ የዙባት ዕድገት በጎልባት ያበቃል፤ ጎልባትም ያው አፍ ብቻ ናት። በኖቬምበር 1999 በጃፓን በወጣው ወርቅና ብር በተባለው ጨዋታ ግን ክሮባት የምትባል ሦስተኛ ቅርፅ ተጨመረች፤ ቁጥሯ 169 ነው። አራት ክንፍ አላት፤ ዓይን አላት፤ ፍጥነቷ 130 ነው። ይህ ቁጥር በመጀመሪያው ጨዋታ ከሁሉ የበረታው ሚውቱ ካለው ጋር እኩል ነው። ወደዚህ ቅርፅ የሚያደርሰው ደረጃ አይደለም፤ ድንጋይም አይደለም። ወርቅና ብር ተጫዋቹ ለእያንዳንዱ ፍጡር ያለውን ወዳጅነት ከ255 በተሰወረ ቁጥር ይቆጥራል። አብሮ ሲራመድ በጥቂቱ ይጨምራል፤ በደረጃ ሲያድግም ይጨምራል፤ በፍልሚያ ወድቆ ሲቀር ይቀንሳል፤ መራራ መድኃኒት ሲሰጡት ደግሞ ክፉኛ ይቀንሳል። ቁጥሩ 220 ከደረሰ በኋላ ጎልባት አንድ ደረጃ ስታድግ ክሮባት ትሆናለች።

ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ ያልተለመደ ውሳኔ ነው። ሠሪዎቹ በፍቅር ብቻ የሚያድግ ፍጡር ሲፈልጉ ከመረጧቸው ጥቂቶች አንዷ፣ ሚሊዮን ልጆች ሲሸሹአትና ሲረግሟት የኖሩት ናት። ለመያዝማ ከሁሉ የቀለለች ነበረች፤ የመያዣዋ ቁጥር 255፣ ማለት የመጨረሻው ልክ ነው። የሚይዛት ነው የጠፋው። በወርቅና በብር መጨረሻ ተጫዋቹን ከሚጠብቁት አራት ኀያላን አንዱ የሆነው ኮጋ ከያዛቸው አምስት ፍጡራን መካከል በደረጃ የምትበልጠው ክሮባት ናት፤ ያኔ ብዙው ተጫዋች ያቺ ፈጣን ባለ አራት ክንፍ ማን እንደ ሆነች ሳያውቅ ተሸነፈ። በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ፊልምም ብሮክ የተባለው ሰው ዙባትን ከጨረቃ ተራራ ይዞ እስከ ክሮባት አድርሷታል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በ2010 በወጣው ጥቁርና ነጭ ጨዋታ ዙባት ከዋሻው ወጥታ ዉባት የምትባል ሌላ የሌሊት ወፍ ተተካች፤ ሰዉም ወዲያው እርሷን መርገም ጀመረ፤ ስሙ እንጂ ወንበሩ አልተለወጠምና። በ2018 የመጀመሪያው ጨዋታ እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ ግን አውሬዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በዋሻው ወለል ላይ እንዲታዩ ተደረገ። ያው የጨረቃ ተራራ ነው፤ ያችው ዙባት ናት፤ ያልፈለጋት ሰው ግን ዞሮ ያልፋታል። ከዚያ በኋላ እርግማኑ ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል።

ይህንን ሁሉ ጽፌ ለላይኛው አልጋ ባለቤት አነበብሁለት። ስለ ስፓላንዛኒ ስነግረው ዝም አለ፤ ስለ 202ቱ ዕጣ ስነግረው «አላልኋችሁም?» ብሎ በድል ተነሣ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ዙባት አጥምዶ እያሳደጋት እንደ ሆነ አየሁ፤ አሁን ደረጃዋ 19 ነው። የሚጫወተው ቀዩን ስለ ሆነ ከጎልባት ወዲያ ልታልፍለት አትችልም፤ ክሮባት እንድትሆን በሽቦ ወደ ወርቁ ጨዋታ ማሻገር ያስፈልጋል አልሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ሽቦው መርካቶ ይገኛል?» ሲል ጠየቀኝ።